ከመሰላል ወደ ዘንግ፦ የመኖሪያ ቤት መስኮት አጠባ መሣሪያ ታሪክና የምርጫው ጥያቄ

የአንድን ሙያ ታሪክ ለማወቅ የሚሻ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሙያውን መሣሪያዎች ቢመረምር ይበጀዋል። በእያንዳንዱ መሣሪያ ላይ የሠራተኛው ድካም፣ የደረሰበት አደጋ፣ የዘመኑ የዕውቀት ደረጃና የገበያው ሁኔታ ታትሞ ይገኛልና። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው መሣሪያ በመጀመሪያ እይታ እጅግ ቀላል መስሎ የሚታይ ነው፤ ይኸውም በብሪታንያ የመኖሪያ ቤት መስኮት አጣቢዎች ዛሬ በሰፊው የሚገለገሉበት፣ በውስጡ የተጣራ ውሃ የሚተላለፍበትና በጫፉ ብሩሽ ያለው ረጅም ዘንግ ነው። ሠራተኛው መሬት ላይ እንደ ቆመ የላይኛውን ፎቅ መስኮት በዚህ ዘንግ ያጥባል፤ ውሃው እጅግ የጠራ በመሆኑም መስተዋቱ በጨርቅ ሳይወለወል፣ ነጠብጣብም ሳይታይበት ራሱ ይደርቃል።

ይህን መሣሪያ ለመግዛት የሚነሣ ባለሙያ ብዙ ጥያቄ ይገጥመዋል። ዘንጉ ከአሉሚኒየም፣ ከፋይበር ግላስ ወይስ ከካርቦን ፋይበር የተሠራ ይሁን? ውሃው በሬዚን ብቻ ይጣራ ወይስ ሌላ ማጣሪያ ይጨመርበት? ዕቃው በጀርባ ይታዘል፣ በጋሪ ይገፋ ወይስ በመኪና ይጫን? የብዙዎች ልማድ ምርጫውን በዘንጉ ጀምሮ በውሃው መጨረስ ነው፤ ዘንግ ዓይን ይስባልና። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ግን ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት የሚል ነው። ምክንያቱም በታሪኩ ውስጥ ስለሚገኝ ነገሩን ከሥሩ መጀመር ግድ ይሆናል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ይገነዘቡልን።

መስተዋት ሲበዛ

በእንግሊዝ አገር መስኮት ለረጅም ዘመን የሀብት ምልክት ነበር። በ1696 ዓ.ም. በንጉሥ ዊልያም ሦስተኛው ዘመን የታወጀው የመስኮት ግብር ቤቱ ባለው የመስኮት ብዛት ይሰላ ስለ ነበር፣ ብዙ ባለቤቶች ግብሩን ለመሸሽ መስኮቶቻቸውን በጡብ ደፈኑ። እነዚያ የተደፈኑ መስኮቶች በአሮጌ ቤቶች ግድግዳ ላይ እስከ ዛሬ ይታያሉ። በመስተዋት ምርት ላይ ይጣል የነበረው ቀረጥ በ1845 ዓ.ም.፣ የመስኮት ግብሩም በ1851 ዓ.ም. ተሻረ። በዚያው በ1851 ዓ.ም. ታላቁ ኤግዚቢሽን የተካሄደበት፣ ክሪስታል ፓላስ የተባለው የብረትና የመስተዋት አዳራሽ በለንደን ተከፈተ፤ መስተዋት በገፍ ሲመረት ምን ሊሠራበት እንደሚችልም ለሕዝብ አሳየ።

መስተዋት ሲረክስ መስኮት በዛ፤ መስኮት ሲበዛም የሚያጥበው ሰው አስፈለገ። የድንጋይ ከሰል በሚነድባቸው ከተሞች ጥላሸቱ በየዕለቱ በመስተዋቱ ላይ ያርፍ ስለ ነበር ሥራው ማለቂያ አልነበረውም። መሰላሉን በትከሻው፣ ባልዲውን በእጁ ይዞ ከቤት ወደ ቤት የሚዞር፣ ደንበኞቹን በየሳምንቱ ወይም በየወሩ እየጎበኘ ሒሳቡን ከደጃፍ የሚቀበል ሠራተኛ የእንግሊዝ መንደሮች የዘወትር እንግዳ ሆነ። በ1936 ዓ.ም. ቀልደኛው ተዋናይና ዘፋኝ ጆርጅ ፎርምቢ በመስኮት አጣቢ ኑሮ ላይ የዘፈነው ዘፈን በአገሩ ሁሉ መወደዱ፣ ባለ መሰላሉ ሰው ምን ያህል የታወቀ እንደ ነበር ይመሰክራል። አጋጣሚ ሆኖ በዚያው ዓመት ኤቶሬ ስቴኮኔ የተባለ ጣሊያናዊ ስደተኛ በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ክፍለ ሀገር፣ በኦክላንድ ከተማ ቀላል የነሐስ እጀታና አንድ ስለታም የጎማ ከንፈር ያለው የመስተዋት መጥረጊያ ሠርቶ የባለቤትነት መብቱን አስመዘገበ። ከእርሱ በፊት የነበሩት መጥረጊያዎች ከባድና ብዙ ብሎን ያላቸው ነበሩ። የስቴኮኔ መጥረጊያ የእጅ ሥራውን እጅግ አፋጠነው፤ ሆኖም ሠራተኛውን ከመሰላሉ ላይ አላወረደውም።

ከዚህ በኋላ የመጣው የመስተዋት ኢንዱስትሪ ለውጥ የአጣቢውን ሥራ ይበልጥ አበዛው። በሴንት ሄለንስ ከተማ የሚገኘው የፒልኪንግተን ኩባንያ በ1959 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው ዘዴ፣ የቀለጠ መስተዋት በቀለጠ ቆርቆሮ ላይ ተንሳፎ ያለ ምንም መፋቅ ለጥ ያለና ብሩህ ሆኖ መመረት ጀመረ። ሰፊ መስኮት ለተራው ሰው ቤትም ደረሰ። የመስኮቱ ስፋት ሲጨምር ግን መሰላሉ የሚቆምበት መሬት አልተሻሻለም፤ ያው እርጥብ ሣር፣ ያው ያረጀ ንጣፍ፣ ያው ተዳፋት ግቢ ነበር።

የመስኮት ደፍና የፍርድ ቤት ውሳኔ

የመስኮት አጣቢ ሕይወት በሕግ ዓይን ምን ያህል ይመዘን እንደ ነበር የሚያሳይ አንድ ዝነኛ ክርክር አለ። በለንደን በሚገኝ የአንድ ክበብ ሕንጻ ላይ የሚሠራ የአጠባ ድርጅት ተቀጣሪ፣ በውጭ በኩል በመስኮቱ ደፍ ላይ ቆሞ፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተተውን የመስኮት ፍሬም ለድጋፍ ይዞ ሲሠራ፣ ፍሬሙ በድንገት ወርዶ ጣቶቹን መታው። እጁን ሲለቅ ወድቆ ተጎዳ። ሕንጻው የደኅንነት ቀበቶ የሚታሰርበት ማንጠልጠያ አልነበረውም። አሠሪው ድርጅት ያቀረበው መከላከያ፣ በደፍ ላይ ቆሞ መሥራት በሙያው ውስጥ የተለመደ ነው የሚል ነበር።

በዚያ ዘመን የአገሪቱ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ የነበረው የሎርዶች ምክር ቤት በ1952 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ ይህን መከላከያ አልተቀበለም። የተለመደ መሆኑ ብቻ አንድን አሠራር ደኅና አያደርገውም፤ ፍሬሞቹ አስቀድመው እንዲፈተሹ መመሪያ መስጠትና እንዳይንሸራተቱ የሚያግድ ሽብልቅ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው ሲል ፈረደ። ከዳኞቹ አንዱ የነበሩት ሎርድ ኦክሲ ያሰፈሩት ሐሳብ በተለይ ሊታወስ ይገባዋል፤ አሠሪ በጸጥታ በስብሰባ አዳራሽ ተቀምጦ ከዐዋቂዎች ጋር እየመከረ ይወስናል፤ ሠራተኛው ግን የሚወስነው በጠባብ ደፍ ላይ ቆሞ፣ አደጋውም በየዕለቱ ከመደጋገሙ የተነሣ ከዓይኑ ተሰውሮ ነው የሚል ይዘት ያለው ሐሳብ ነው።

ይህ ፍርድ ለተቀጣሪው ታላቅ እርምጃ ነበር። ይሁንና በመኖሪያ ቤት መስኮት አጠባ ላይ ከተሰማሩት አያሌዎቹ ተቀጣሪዎች አይደሉም፤ ለራሳቸው የሚሠሩ፣ መሰላላቸውንና ደንበኞቻቸውን በራሳቸው ያፈሩ ሰዎች ናቸው። ለእነዚህ ሰዎች አሠሪውም ሠራተኛውም አንድ ሰው ነው። በስብሰባ አዳራሹ የሚቀመጠውና በደፉ ላይ የሚቆመው ያው ራሱ ነው። ስለሆነም የመሣሪያ ምርጫ ለእነርሱ ከንግድ ጉዳይነት አልፎ በገዛ ሕይወታቸው ላይ የሚሰጡት ፍርድ ይሆናል።

የውሃው ምስጢር

መሬት ላይ ቆሞ በረጅም ዘንግ መስኮት ማጠብ የሚለው ሐሳብ አዲስ አልነበረም። በአሜሪካ በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ውሃ የሚያስተላልፉ የአሉሚኒየም ዘንጎች በሥራ ላይ ነበሩ። እንቅፋቱ ውሃው ነበር። ከቧንቧ የሚቀዳ ውሃ በውስጡ የሟሙ የካልሲየም፣ የማግኒዝየምና የሌሎችም ማዕድናት ጨው ይዟል። ውሃው ሲተን ማዕድኑ አብሮት አይተንም፤ በመስተዋቱ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። ባለ መሰላሉ ሰው ይህን ችግር ያስወገደው ውሃው ከመድረቁ በፊት በጎማ መጥረጊያውና በለስላሳ ቆዳው ጠርጎ በማንሣት ነበር። መሬት ላይ ያለ ሰው ግን የላይኛውን መስኮት ሊያደርቅ አይችልም። ስለዚህ አንድ መንገድ ብቻ ቀረ፤ እርሱም ሲደርቅ ምንም የማይተው ውሃ ማግኘት ነው።

ከዚህ ላይ የብሪታንያን የውሃ ታሪክ ማንሣት ያስፈልጋል። ለንደን ከጥንት ጀምሮ የምትጠጣው ውሃ ከኖራማ ድንጋይ መሬት የሚመነጭ ነው። በ1613 ዓ.ም. ሂው ሚድልተን አስፈጽመው ከሃርትፎርድሺር ምንጮች ወደ ከተማዋ ያስገቡት ኒው ሪቨር የተባለው ቦይም ውሃውን ያገኘው ከዚሁ መሬት ነው። እንዲህ ያለው ውሃ ጠጣር ነው፤ የሟሙት ማዕድናት መጠን በአንድ ሊትር 300 ሚሊግራም ገደማ ቢደርስ፣ ከዚያም ቢያልፍ እንግዳ ነገር አይደለም።

በሰሜንና በምዕራብ የሚገኙት ታላላቅ ከተሞች ግን በኢንዱስትሪው ዘመን በኮሌራና በውሃ እጥረት ሲጨነቁ፣ ዝናብ ከሚበዛባቸውና ድንጋያቸው ከማይሟሟ ተራሮች ውሃ አስመጡ። ግላስጎ በ1859 ዓ.ም. ከሎክ ካትሪን ሐይቅ፣ ማንችስተር በ1894 ዓ.ም. ከተርልሚር ሐይቅ፣ በርሚንግሃም ደግሞ በ1904 ዓ.ም. በዌልስ ከሚገኘው ከኢላን ሸለቆ ለስላሳ ውሃ አገኙ። የኢላን ውሃ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዘው በከፍታ ልዩነት ብቻ በራሱ እየፈሰሰ ነው። የሎክ ካትሪን ውሃ የሟሙ ማዕድናት መጠን ብዙ ጊዜ በሊትር ከ50 ሚሊግራም በታች ነው። የዚያ ዘመን መሐንዲሶች ያሰቡት ስለ ሕዝቡ ጤናና ስለ ፋብሪካዎቹ ነበር፤ ይሁንና ከመቶ ዓመት በኋላ የግላስጎው መስኮት አጣቢ ከለንደኑ ባልደረባው ባነሰ ወጪ ሥራውን እንዲሠራ ሳያውቁት መንገድ ጠረጉለት።

ማጣሪያው ከየት መጣ?

ማዕድንን ከውሃ ለመለየት የሚያስችሉት ሁለት ዋና ዋና ዘዴዎች ከተለያየ ምንጭ የተገኙ ናቸው። የመጀመሪያው የአዮን ልውውጥ ነው። በ1850 ዓ.ም. ገደማ ቶምፕሰንና ዌይ የተባሉ እንግሊዛውያን፣ አንደኛው የግብርና ሰው፣ ሌላው ኬሚስት፣ የማዳበሪያ አሞኒያ ያለበት ውሃ በአፈር ውስጥ ሲያልፍ አፈሩ አሞኒያውን ይዞ በምትኩ ካልሲየም እንደሚለቅ አጠኑ። ይህ የአፈር ጥናት በ1935 ዓ.ም. ፍሬ አፈራ። አዳምስና ሆምስ የተባሉ ሁለት ኬሚስቶች በለንደን አጠገብ በቴዲንግተን በሚገኘው የኬሚካል ምርምር ላቦራቶሪ ሲሠሩ፣ ሰው ሠራሽ ሬዚን አዮኖችን ሊለዋወጥ እንደሚችል አሳወቁ። ሁለት ዓይነት ሬዚን ሲቀላቀል አንደኛው ካልሲየሙንና መሰሎቹን ይዞ ሃይድሮጅን ይለቃል፤ ሁለተኛው ካርቦኔቱንና ክሎራይዱን ይዞ ሃይድሮክሳይድ ይለቃል፤ የተለቀቁት ሁለቱ ተገናኝተው ውሃ ይሆናሉ። ሬዚኑ ግን እንደ ስፖንጅ ነው፤ የመያዝ ዓቅሙ ሲሞላ መለወጥ ወይም በኬሚካል መታደስ አለበት።

ሁለተኛው ዘዴ ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው ነው። በ1960 ዓ.ም. ገደማ ሲድኒ ሎብና ስሪኒቫሳ ሱሪራጃን በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በሎስ አንጀለስ፣ የባሕርን ውሃ ለማጣፈጥ ሲመራመሩ፣ ውሃን በግፊት እያሳለፈ ጨውን የሚያስቀር ስስ ሜምብሬን ሠሩ። ይህ ዘዴ በ1965 ዓ.ም. ኮሊንጋ በምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ ለሕዝብ ውሃ ማቅረቢያ ዋለ። ሜምብሬኑ ከማዕድኑ አብዛኛውን ያስቀራል፤ በአንጻሩ ከገባው ውሃ ከፊሉ የቀረውን ማዕድን ተሸክሞ ወደ ፍሳሽ ይሄዳል። በተጨማሪም ዛሬ የተለመደውን ዓይነት ሜምብሬን ክሎሪን ስለሚጎዳው፣ ውሃው አስቀድሞ በደለል ማጣሪያና በከሰል ማጣሪያ ማለፍ አለበት።

እንግዲህ የእርሻ አፈር ጥናትና የባሕር ውሃ ምርምር በአንድ መስኮት አጣቢ መኪና ውስጥ ተገናኙ። ከሁለቱም ዘርፍ ተመራማሪዎች አንዱም ይህን አላሰበም።

ዘንጉና ሕጉ

የዘንጉ ታሪክም ከዚህ የተለየ አይደለም። አሉሚኒየም ርካሽና ጠንካራ ቢሆንም ሲረዝም ይከብዳል፤ ኤሌክትሪክንም በደንብ ያስተላልፋል። ፋይበር ግላስ ዋጋው መጠነኛ ነው፤ ነገር ግን ሲረዝም እንደ ሸምበቆ ይወዛወዛል። ካርቦን ፋይበር በበኩሉ ለአውሮፕላን ታስቦ የተሠራ ነው። በፋርንቦሮ የሚገኘው የእንግሊዝ ንጉሣዊ የአውሮፕላን ምርምር ተቋም በ1960ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ጠንካራውን ካርቦን ፋይበር የማምረት ዘዴ አሳደገ። ሮልስ ሮይስ ኩባንያ በአዲሱ የጄት ሞተሩ ምላጮች ላይ ሊጠቀምበት ሞክሮ ሳይሳካለት ቀረ፤ በ1971 ዓ.ም.ም የሞተሩ ፕሮጀክት ወጪ ኩባንያውን ለኪሳራ ዳረገው። ፋይበሩ ግን በዓሣ ማጥመጃ ዘንግና በጎልፍ ዱላ በኩል ወደ ተራው ገበያ ወረደ፤ ውሎ አድሮም እየተሳበ የሚረዝመውን የመስኮት አጣቢ ዘንግ ለመሥራት ዋለ።

መሣሪያው በዚህ ሁኔታ ተሟልቶ በ1990ዎቹ መጨረሻ በብሪታንያ መስፋፋት ሲጀምር፣ ሕጉ ደግሞ በሌላ በኩል ይመጣ ነበር። በ1974 ዓ.ም. የወጣው የሥራ ጤናና ደኅንነት ሕግ መሠረቱን ጥሎ ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣውን የአውሮፓ መመሪያ ተከትሎ የከፍታ ሥራ ደንብ በታላቋ ብሪታንያ ከኤፕሪል 6 ቀን 2005 ዓ.ም. ጀምሮ ጸና። ደንቡ ሦስት ደረጃ አለው፦ ከፍታ ላይ መውጣትን ማስቀረት ከተቻለ ማስቀረት፤ ካልተቻለ መውደቅን የሚከለክል ነገር ማበጀት፤ ይህም ካልሆነ ወድቆ የሚደርሰውን ጉዳት መቀነስ። ለራሱ የሚሠራውም ሰው በደንቡ ይገዛል።

ብዙ ጊዜ በስሕተት እንደሚነገረው ደንቡ መሰላልን አልከለከለም። አደጋው ዝቅተኛ በሆነበትና ሥራው ለአጭር ጊዜ ሲሆን መሰላል ዛሬም ይፈቀዳል። የተለወጠው ነገር ሌላ ነው። ከዘንጉ በፊት «ሌላ መንገድ የለም» የሚል ሰው እውነቱን ነበር፤ ከዘንጉ በኋላ ግን ለአብዛኛው የመኖሪያ ቤት መስኮት ሌላ መንገድ አለ። ሕግ የሚጠይቀው የሚቻለውን በመሆኑ፣ መሣሪያው የሚቻለውን ሲያሰፋው ግዴታውም አብሮ ሰፋ።

በምን ቅደም ተከተል ይመረጥ?

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። ከዚህ በላይ የተመለከትነው ታሪክ መሣሪያ ለሚመርጥ ሰው የሚከተለውን ቅደም ተከተል ያስተምረዋል።

አንደኛ፣ ውሃውን መለካት። በውሃ ውስጥ የሟሙትን ማዕድናት መጠን የሚያሳይ ትንሽ የኪስ መለኪያ ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ርካሹ ሲሆን መጀመሪያ መገዛት ያለበትም እርሱ ነው። በሙያው ዘንድ የተለመደው ወሰን የተጣራው ውሃ በሊትር ከ10 ሚሊግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ወደ ዜሮ እንዲጠጋ ነው። አሁን ስሌቱን እንመልከት። አንድ ሠራተኛ በቀን 400 ሊትር ውሃ ይጠቀማል እንበል። የቧንቧው ውሃ በሊትር 300 ሚሊግራም ማዕድን ካለው፣ ሬዚኑ በቀን 120 ግራም ማዕድን መያዝ አለበት። ውሃው 40 ሚሊግራም ብቻ ካለው ግን የሚያዘው 16 ግራም ነው። ለስላሳ ውሃ ባለበት አገር ሬዚን ብቻውን ይበቃል ማለት ነው። ጠጣር ውሃ ባለበት ግን ሬዚን ብቻውን ኪስ ያራቁታል። ውሃው አስቀድሞ ከማዕድኑ 95 በመቶውን በሚያስቀር ሪቨርስ ኦስሞሲስ ቢያልፍ፣ ለሬዚኑ የሚተርፈው በሊትር 15 ሚሊግራም፣ በቀን 6 ግራም ብቻ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ የሚባክነውን ውሃ ማሰብ። ሜምብሬኑ ለእያንዳንዱ ሊትር ንጹሕ ውሃ አንድ ሊትር ወደ ፍሳሽ የሚለቅ ከሆነ፣ 400 ሊትር ለማግኘት 800 ሊትር ይቀዳል። ውሃ በቆጣሪ ለሚከፍል ሰው ይህ ወጪ ነው፤ በድርቅ ጊዜ ደግሞ የኅሊና ጉዳይ ነው። በ2010 ዓ.ም. በእንግሊዝና በዌልስ የወጣው ሕግ፣ የውሃ ኩባንያዎች በእጥረት ጊዜ ሊከለክሏቸው ከሚችሉት ተግባሮች መካከል የመኖሪያ ቤት መስኮትን በውሃ ጎማ ማጠብን በስም ጠቅሶ አስፍሮታል። የሚፈሰውን ውሃ አጠራቅሞ ለሌላ ተግባር ማዋል የሚችል ሰው ከሁለት በኩል ይጠቀማል።

ሦስተኛ፣ ክብደቱን መመዘን። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። በጀርባ የሚታዘል 20 ሊትር ከነዕቃው ከ20 ኪሎ ይበልጣል፤ መኪና ለማይደርስበት ጠባብ ግቢ ወይም ለጥቂት ቤት ይሆናል እንጂ ለሙሉ ቀን ሥራ አይመከርም። በጋሪ የሚገፋ ማጠራቀሚያ መካከለኛው መንገድ ነው። በመኪና የሚጫን 500 ሊትር ግማሽ ቶን መሆኑ ግን መዘንጋት የለበትም። ማጠራቀሚያው፣ ፓምፑ፣ ባትሪውና ነጂው ሲደመሩ ብዙ ትናንሽ የጭነት መኪኖች ከተፈቀደላቸው ልክ ሊያልፉ ይችላሉ። መኪናው በድንገት ፍሬን ሲይዝ ያ ግማሽ ቶን ወደ ነጂው ጀርባ ይገፋል። ስለዚህ ማጠራቀሚያው በውስጡ የውሃውን መናወጥ የሚሰብር ክፍልፋይ ያለውና ከመኪናው ጠንካራ አካል ጋር በብሎን የታሰረ መሆን አለበት። ከመሰላል መውደቅን የሸሸ ሰው በመንገድ ላይ ሌላ አደጋ መጫን አይገባውም።

አራተኛ፣ ዘንጉን መምረጥ። ባለ አንድ ፎቅ የሆነውን ተራ የእንግሊዝ ቤት የላይኛውን መስኮት ለማጠብ ከ6 እስከ 7 ሜትር የሚደርስ ዘንግ ይበቃል። «ለማንኛውም ይሁን» ብሎ 12 ሜትር የሚገዛ ሰው የማይፈልገውን ክብደት ቀኑን ሙሉ ይሸከማል። ፋይበር ግላስ ለጀማሪና ለዝቅተኛ መስኮት ይሆናል፤ ሙሉ ቀን ለሚሠራ ግን የካርቦን ፋይበሩ ቅለትና ግትርነት በትከሻውና በአንገቱ ላይ የሚያተርፈው ብዙ ነው። ብሩሹም ቢሆን ቀላል ይሁን፤ በዘንግ ጫፍ ላይ ያለች ጥቂት ግራም በሠራተኛው እጅ ላይ ተባዝታ ትሰማለችና።

ስለ ኤሌክትሪክ አንድ ማስጠንቀቂያ መስጠት ይገባል። ካርቦን ፋይበር ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የጠራ ውሃ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ዓቅሙ አነስተኛ መሆኑ እውነት ነው፤ የኪሱ መለኪያ የሚሠራውም በዚሁ ባሕርይ ነው። ነገር ግን ውሃው የመስተዋቱን አቧራና የዘንጉን እድፍ ሲያጥብ የጠራ መሆኑ ያበቃል። በመሆኑም ከማንኛውም ነገር የተሠራ ዘንግ በኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ እንደ ብረት ሊቆጠር ይገባዋል።

አምስተኛ፣ የማጠራቀሚያውን ንጽሕና መጠበቅ። ሌጂዮኔላ የተባለው ባክቴሪያ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው የቆመ ውሃ ውስጥ ይራባል፤ ሰውንም የሚይዘው በሚረጨው ውሃ እርጥበት ተሳፍሮ ወደ ሳንባ ሲገባ ነው። በበጋ ፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ የከረመ ውሃ ለዚህ የተመቸ ነው። ማጠራቀሚያው ብርሃን የማያስገባ ቢሆን፣ ውሃው ቶሎ ቶሎ ቢለወጥና ዕቃው በየጊዜው ቢጸዳ አደጋው ይቀንሳል።

ዘንጉ ያልፈታው

ይህ ሁሉ ሲባል ዘንጉ ሁሉን ነገር ፈትቷል ማለት አይደለም። ለረጅም ጊዜ ያልታጠበ መስኮት በመጀመሪያው ዙር ብዙ ውሃና ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቀለሙ ያረጀ ፍሬም እየታጠበ እድፉን በመስተዋቱ ላይ ያወርዳል። በእርሳስ የተከፋፈሉ አሮጌ መስኮቶችም ውሃ ያስገባሉ። በእነዚህ ላይ የእጅ ሥራው ዛሬም ብልጫ አለው። በጎማ መጥረጊያ ብርሁ ሆኖ ወዲያው የደረቀ መስተዋት ማየት የለመደ ደንበኛም፣ በውሃ ነጠብጣብ የተሸፈነ መስኮት ትቶለት የሚሄደውን አጣቢ በጥርጣሬ ይመለከተዋል። ለዚህ መልሱ ማስረዳትና በቂ ውሃ አፍስሶ በደንብ ማለቅለቅ ነው። ብዙ ጊዜ የሚቀረው ነጠብጣብ የውሃው ጥፋት ሳይሆን የማለቅለቁ ጉድለት ነው።

የአደጋውም ዓይነት ተለወጠ እንጂ ፈጽሞ አልጠፋም። ከመሰላል የወረደው ሰው አሁን የሚያሰጋው ቀኑን ሙሉ ወደ ላይ ማንጋጠጥና ዘንግ መግፋት በአንገት፣ በትከሻና በወገብ ላይ የሚያመጣው ሕመም ነው፤ በመንገድ ላይ የተዘረጋው የውሃ ጎማም አላፊ አግዳሚውን ሊጥል ይችላል። ሆኖም ሁለቱ አደጋዎች በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። የትከሻ ሕመም ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ዕረፍትና የሥራ ለውጥ ይቀበላል። ከመሰላል መውደቅ ማስጠንቀቂያ የለውም።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ዋና ትምህርት እንዲህ ተጠቃሎ ሊቀርብ ይችላል። በ1952 ዓ.ም. ሎርዶቹ ከፈረዱት ፍርድ በስተጀርባ ያለው ሐሳብ፣ ስለ ሠራተኛው ደኅንነት ማሰብ የሚገባው በጸጥታ ተቀምጦ የሚያስብበት ጊዜ ያለው ሰው ነው የሚል ነው። ለራሱ የሚሠራ ባለሙያ ይህን ጸጥታ የሚያገኘው መሣሪያውን በሚመርጥበት ሰዓት ብቻ ነው። በደፉ ላይ ወይም በመሰላሉ ላይ ከወጣ በኋላ የሚወስነው ልማዱ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደ ተባለው፣ በሌላ ሰው ዕቃ ቀንቶ ወይም በሻጭ ቃል ተስቦ የተገዛ መሣሪያ ሥራው መካከል ላይ ባለቤቱን ይከዳዋል፤ የተከዳውም ሰው ተመልሶ የሚይዘው ያንኑ መሰላሉን ነው። ውሃውን የለካ፣ ክብደቱን የመዘነና በመጨረሻ ዘንጉን የመረጠ ባለሙያ ግን መሬት ላይ ይቆማል፤ እዚያው መሬት ላይ እንደ ቆመም ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ይመለሳል።